የዐረፋው ጂባና የሠሪዋ ስም



በዚህ ወር ዓምዳችን ልናወጋችሁ የፈለግነው ስለ ቤት ዕቃ ነው። ጉዳዩ ቀላል መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። እስኪ ግን የዐረፋን በዓል በመስቃን ምድር እናስበው። የምንቀመጥበት ጂባ ከእንሰት የተሰፋ ነው። ክትፎው የሚቀርብበት ጣባ ሸክላ ነው። ሥጋው የሚከተፍበት መክተፊያ ከግንድ የተጠረበ ነው። ቢላዋው በፍም ግሎ በመዶሻ ተደብድቦ የወጣ ነው። ቅቤና ጨው የገባበት ቡና የሚቀዳበት ጀበና፣ ስኒው የሚደረደርበት ረከቦት፣ ከጎጆው መሐል ቆሞ ጣሪያውን የተሸከመው ምሰሶ፣ ሁሉም የሰው እጅ ያረፈባቸው ናቸው።

ታዲያ የማን እጅ? የበሬው ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ከየትኛው ገበያ እንደተገዛ፣ ማን እንደተደራደረ ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቃሉ። ጂባውን የሰፋችው ሴት ማን እንደሆነች፣ ጣባውን የሠራችው የማን ልጅ እንደሆነች ብንጠየቅ ግን አብዛኞቻችን መልስ የለንም። ይህ ዝንጋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ ነበር። ነገሩ ግን ከዝንጋታ ያለፈ ነው። የነዚያን እጆች ባለቤቶች ስም ሳንጠራ የቀረነው መጥራት ስለምናፍር ነው።

በዓሉ ከበዓሉ በፊት ይጀምራል

መስቃን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ የምትገኘው የቡታጅራ ከተማ ዙሪያ አገር ነው። ቡታጅራ በ2015 ዓ.ም. የጉራጌ ዞን ለሁለት ሲከፈል የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች፤ በጅማ መንገድ በኩል ያለችው ወልቂጤ ደግሞ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆና ቀጥላለች። ከሁለቱም ከተሞች ዙሪያ ለሥራ የወጣው ሕዝብ በመርካቶ፣ በየክፍለ ሀገሩ ከተማና ከባሕር ማዶ ተበትኖ ይኖራል። በዓመት አንድ ጊዜ ግን ይመለሳል። ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለዐረፋ ወደ ወላጆቹ ቤት ይገባል። የከተማው ሱቅ ይዘጋል፣ አውቶቡሱ ይሞላል፣ ዓመቱን ሙሉ በስልክ ብቻ የተሰማ ድምፅ በአካል ይመጣል።

ለዚህ ቀን የሚደረገው መሰናዶ ወራት ይፈጃል። ሴቶች ውጆ በሚሉት ማኅበር ቅቤያቸውን ተራ በተራ ያጠራቅማሉ። አንዲት ላም የምትሰጠው ቅቤ ለአንድ ቤት በዓል አይበቃምና የጎረቤት ቅቤ ተደምሮ ዛሬ ለአንዷ፣ ነገ ለሌላዋ ይደርሳል። ወንዶች ደግሞ ለበሬ መግዣ ዕቁብ ይጥላሉ። በጉድጓድ ተቀብሮ የበሰለው ቆጮ ይወጣል፣ ይጨመቃል፣ ይነፋል። ቤቱ ይለቀለቃል፣ አሮጌው ጂባ ተነሥቶ አዲሱ ይነጠፋል።

በስልጤና በአካባቢው ከእርዱ ቀን በፊት ያለው ዕለት «የሴቶች ዐረፋ» ይባላል። በዚያን ቀን እናቶች አተካኖ የሚባለውን በቅቤ የራሰ ምግብ አዘጋጅተው ቤተሰቡን ያበላሉ፤ በማግስቱ ደግሞ በሬው የሚታረድበት «የወንዶች ዐረፋ» ይሆናል። ከሩቅ የመጣው ልጅ ለእናቱ ነጠላ፣ ለአባቱ ጋቢ ይዞ ይገባል። ሽማግሌዎች ዱዓ ያደርጋሉ፣ ይመርቃሉ። የተጣላ ይታረቃል፣ ልጅ ለጋብቻ ይጠየቃል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ሁሉ በዓል የቆመው በእጅ በተሠራ ዕቃ ላይ ነው። ቅቤው ያለ ቅል፣ ቆጮው ያለ ምጣድ፣ ክትፎው ያለ ጣባ፣ እንግዳው ያለ ጂባ በዓል አይሆንለትም። ልጁ ለእናቱ የሚያመጣው ነጠላ እንኳ ቢሆን ምናልባት ከሽሮ ሜዳ የተገዛ፣ ከጋሞ ተራሮች መጥቶ አዲስ አበባ የሠፈረ የዶርዜ ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ የሠራው ነው።

ከእንሰት እስከ ምንጣፍ

እንሰት ለጉራጌ ምድር ምግብ ብቻ አይደለም። በአገራችን ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን የሚደርስ ሕዝብ በእንሰት ላይ ተመሥርቶ እንደሚኖር ይገመታል። ተክሉ ለምግብ እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይጠይቃል። ሲደርስ ግን የሚጣል ነገር የለውም።

እናቶች እንሰቱን ከጣሉ በኋላ ግንዱን የሸፈነውን ልጥ በዘንባላ ሳንቃ ላይ አጋድመው በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል። የሚወርደው ለቆጮ ይሆናል፤ በሳንቃው ላይ የሚቀረው ነጭና ጠንካራ ጭረት ደግሞ ቃጫ ነው። ቃጫው ይታጠባል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ ገመድ ሆኖ ይፈተላል። የቤቱ ማገር የሚታሰረው፣ ከብቱ የሚጎተተው፣ ሸክሙ የሚታዘለው በርሱ ነው። ቅጠሉ ቆጮ ይጋገርበታል፣ ቅቤ ይጠቀለልበታል፣ ጉድጓዱ ይለበስበታል። የደረቀው ክፍል ደግሞ እየተመረጠ፣ እየተስተካከለ፣ ጎን ለጎን እየተደረደረ በቃጫ ይሰፋና ጂባ ይሆናል።

ጂባ መስፋት ትዕግሥት ይጠይቃል። ያልደረቀው ከገባ ይሻግታል፤ ከመጠን በላይ የደረቀው ይሰበራል። ሴቲቱ በጣቷ እየዳሰሰች የትኛው እንደበቃ ትለያለች። ይህን ዕውቀት ከእናቷ ተማረች እንጂ ከመጽሐፍ አላነበበችም።

የሒጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ዐረፋ በየወቅቱ ይዞራል። በ2016 ዓ.ም. በዓሉ ሰኔ 9 ቀን፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ግንቦት 29 ቀን ውሏል። በዓሉ በበጋ ሲውል ለእንሰት ማድረቂያ የሚሆን ፀሐይ አለ። ከዝናብ ጋር ሲገጥም ግን ሠሪዋ ደመናውን እየሰረቀች፣ የተሰጣውን እያነሣችና እየመለሰች ማድረስ አለባት። ገዢው ግን ይህን አያይም። «ባለፈው ዓመት በርካሽ ነበር» ብሎ ይከራከራታል።

ጭቃና እሳት

ሸክላ ሠሪዋም እንዲሁ ናት። አፈሩን ከሩቅ ቆፍራ በጀርባዋ ታመጣለች። ታደቀዋለች፣ ትነፋዋለች፣ ከተሰባበረ አሮጌ ሸክላ ዱቄት ጋር ትለውሰዋለች። ይህን የምታደርገው ዕቃው እሳት ሲነካው እንዳይሰነጠቅ ነው። ከዚያ ያለ ምንም ማሽን፣ ጭቃውን በእጇ እያዞረችና እያነሣች ጣባ፣ ጀበና፣ ምጣድ፣ እንስራ ታወጣለች። በጥላ ይጠነፍፋል፣ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል። በመጨረሻም ሜዳ ላይ እንጨትና ኩበት ተከምሮበት ይቃጠላል። ነፋስ በድንገት ቢነሣ ወይም ዝናብ ቢጥል የሳምንት ልፋት በአንድ ሰዓት ይሰበራል። የተረፈውን ተሸክማ ገበያ ትወርዳለች። መንገድ ላይ ብትደናቀፍ ኪሳራው የራሷ ነው።

የእንጨት ሠራተኛው ደግሞ በጉራጌ ቤት አሠራር ውስጥ ቦታው ትልቅ ነው። ሰፊውን የጉራጌ ጎጆ ያየ ሰው ያደንቃል። ከጀፎረው፣ ማለትም በመንደሩ መሐል ከሚያልፈው ሣር የለበሰ ሰፊ አውራ ጎዳና ላይ ቆሞ ቤቶቹን ያየ ጎብኚ ፎቶግራፍ ያነሣል። ጣሪያውን የሚሸከመውን ምሰሶ መርጦ፣ ጠርቦ የሚያቆመው፣ ወጋግራውን የሚያስተካክለው፣ ጉልላቱን የሚያሳርፈው ባለሙያ ግን በፎቶግራፉ ውስጥ የለም።

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ስንጓዝ ከመንገዱ አቅራቢያ የቲያን ትክል ድንጋዮች እናገኛለን። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ቁጥራቸው 36 ሲሆን 32ቱ ሰይፍና ሌሎች ምልክቶች ተቀርጾባቸዋል። እነዚያን ድንጋዮች የቀረጹ ሰዎች ስማቸው አልደረሰንም። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የኖሩ ናቸውና ይህ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ዛሬ በሕይወት ያለችውን፣ ባለፈው ሳምንት ጣባ የሸጠችልንን ሴት ስም አለማወቃችን ነው።

ሙያ እንዴት ስድብ ሆነ?

አሁን ወደ መራራው ነገር እንግባ። በጉራጌ ምድር እንጨት የሚጠርበው፣ ብረት የሚሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው ወገን ከሌላው ሕዝብ ተለይቶ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ሕዝብ መጽሐፍ ያሳተመው ዊልያም ሻክ የተባለ ምሁር ይህንን በስፋት ጽፎታል። «ፉጋ» የሚባሉት የእንጨት ባለሙያዎች መሬት ማረስ አይፈቀድላቸውም ነበር። የቤቱን ምሰሶ ያቆመ ሰው በዚያው ቤት ውስጥ ከሌላው ጋር እኩል አይቀመጥም ነበር። ከነርሱ ጋር መጋባት የማይታሰብ ነበር። ስሙ ራሱ ስድብ ሆነ። እስከ ዛሬም ድረስ ሰው ሲጣላ ይህንኑ ቃል በአፉ ሲያነሣ እንሰማለን።

ይህ በሽታ የጉራጌ ብቻ አይደለም። በአገራችን በብዙ ቦታ ብረት ሠሪው «ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል» ተብሏል። ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ በየቋንቋው የስድብ ስም ወጥቶላቸዋል። ማረሻ ሳይኖር እርሻ የለም፣ ምጣድ ሳይኖር እንጀራ የለም። ሆኖም ማረሻውን የሠራው ተናቀ፣ በማረሻው ያረሰው ተከበረ።

ይህን ለማስቆም የተሞከረው ዛሬ ብቻ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብ ከልክለው፣ ተሳዳቢው እንደሚቀጣ አስታውቀዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ መሬት ላልነበረው ሁሉ የማረስ መብት ሰጠ፤ በሕግ ፊት ለባለ እጁም መሬት ተከፈተለት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል።

ሕግ ግን ከደጅ አልፎ ጓዳ አይገባም። ልጅህ ከባለ እጅ ቤት ሴት ልጅ ላግባ ቢልህ ምን ትላለህ? በዕድር ድንኳን ውስጥ ማን ከማን አጠገብ ይቀመጣል? ልጅሽ በትምህርት ቤት ጓደኛውን በዚያ ቃል ሲሰድብ ብትሰሚ ትቆጪዋለሽ ወይስ ትስቂያለሽ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚመልሰው ዐዋጅ አይደለም፤ እኛው ነን።

ሙስሊም ነን የምንል ምን ይዘን?

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ንቀት በሙስሊም ቤት ውስጥ ሲገኝ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከፋል። ምክንያቱም ሃይማኖታችን በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም አላለም።

ነቢዩ ኑሕ (ዐ.ሰ.) መርከብ እንዲሠሩ ታዘዙ፤ ያንን እንጨት ሲጠርቡ የሚያፌዙባቸው እንደነበሩ ቁርኣን ይነግረናል። ለነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረት እንደለዘበላቸውና ጥሩር መሥራት እንደተማሩ በዚያው በቁርኣን ተገልጿል፤ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ደግሞ በቡኻሪ ሐዲሥ ተዘግቧል። ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ እንደነበሩ ሙስሊም ዘግበውታል። እንግዲህ ብረት ሠሪውንና እንጨት ጠራቢውን የሚንቅ ሰው ማንን እየናቀ እንደሆነ ቆም ብሎ ያስብ።

ከሁሉም ይልቅ ቆዳ የሚያለፉ ወገኖች በአገራችን ተንቀዋል። የምእመናን እናት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ.) ግን በእጃቸው የሚሠሩ፣ ቆዳ የሚያለፉና የሚሰፉ፣ ያገኙትንም ለድሆች የሚመጸውቱ ሴት ነበሩ። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ከዘንባባ በተሠራ ትንሽ ምንጣፍ ላይ ይሰግዱ እንደነበር፣ በሰሌን ላይ ተኝተውም የሰሌኑ ምልክት በጎናቸው ላይ ታትሞ ሲያዩ ዑመር (ረ.ዐ.) እንዳለቀሱ ሐዲሡ ይነግረናል። የኛ ጂባ የዚያ ሰሌን ዘመድ ነው። በርሱ ላይ እየሰገድን የሰፋችውን ሴት መናቅ ከምን የመጣ ትምህርት ነው? በሱረቱል ሑጁራትም አንዱ ሕዝብ በሌላው፣ ሴቶችም በሴቶች ላይ እንዳይሳለቁ፣ በመጥፎ ስምም እንዳይጠራሩ በግልጽ ተከልክሏል።

ከባሕር ማዶና ከሐረር የምንማረው

ሙያን ማክበር ምን እንደሚመስል ለማየት እስኪ ከራሳችን ወጣ ብለን ወደ ፊሊፒንስ ደሴቶች እንሻገር። በዚያች አገር ደቡብ በኩል ሱሉ፣ ባሲላንና ታዊ-ታዊ በሚባሉት ደሴቶች ብዙ ሙስሊሞች ይኖራሉ። እነርሱም እንደኛ ዒድ አል-አድሓን ያከብራሉ። ሴቶቻቸው በሽመናና በምንጣፍ ሥራ የታወቁ ናቸው።

በታዊ-ታዊ ደሴቶች ሐጃ አሚና አፒ የሚባሉ የሳማ ተወላጅ እናት ነበሩ። ሙያቸው ምንጣፍ መሥራት ነው። ፓንዳን የሚባለውን ተክል ቅጠል እሾሁን አንስተው፣ ሰንጥቀው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ ቀለም ነክረው ልዩ ልዩ ጌጥ ያለው ምንጣፍ ይታቱ ነበር። ሥራው ከኛ ጂባ ጋር እጅግ ይቀራረባል። ይሁንና የሁለቱ ሠሪዎች ዕጣ ለየቅል ሆነ። የፊሊፒንስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ሕግ መሠረት ታላላቅ የእጅ ባለሙያዎችን «የአገር ሕያው ሀብት» ብሎ ይሾማል፤ ሐጃ አሚናም እ.ኤ.አ. በ2004 ይህን ማዕረግ ተቀበሉ። ማዕረጉ ግዴታም አለው፤ የተሸለመው ሰው ሙያውን ለወጣቶች ማስተማር ይጠበቅበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሞቱ ስማቸው ከምንጣፋቸው ጋር ቀረ። በባሲላን ደሴት የያካን ሽመና ባለሙያ የነበሩት አምባላንግ አውሳሊንም እ.ኤ.አ. በ2016 ተመሳሳይ ክብር አግኝተዋል።

በርግጥ እዚያም ችግር የለም አንልም። ቢያንስ ግን ምንጣፍ ሠሪዋ ባለ ስም ሆነች።

ከአገራችን ሳንወጣም ምሳሌ አለን። ወደ ሐረር ብንሄድ የሐረሪ ቤት ግድግዳ በስፌት ያሸበረቀ ነው። ስፌቱን የምትሰፋው ራሷ የቤቱ እመቤት፣ ልጇና እኅቷ ናቸው። እዚያ ስፌት መቻል የሴት ልጅ ኩራት እንጂ ውርደት አይደለም። የተሰፋው ዕቃ ለሙሽራ ቤት ይሰጣል፣ ከእናት ለልጅ ይወረሳል። የሐረሪዎች የሸዋሊድ በዓልም ከረመዷን በኋላ የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲፈጸም የሚከበር ሲሆን በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚህ የምንረዳው የሙያው ዓይነት እንዳልሆነ ነው። መስፋት በአንዱ አገር ክብር፣ በሌላው አገር ውርደት የሚሆነው ሰው በሰጠው ትርጉም ነው። ሰው የሰጠውን ደግሞ ሰው ሊለውጠው ይችላል።

ጥፋቱ የፕላስቲኩ ብቻ ነውን?

ብዙ ሰው «የእጅ ሥራ የጠፋው በፕላስቲክ ምክንያት ነው» ይላል። እውነትነት አለው። የፕላስቲክ ምንጣፍ ርካሽ ነው፣ በውኃ ይታጠባል፣ ቀለሙ ያምራል። የብረት ድስት ከሸክላው አይሰበርም። ብዙ ልጆች የምታሳድግ እናት እነዚህን ብትገዛ አንፈርድባትም። ኑሮ ውድ በሆነበት ዘመን ሰውን «ውድ ዕቃ ግዛ» ብሎ ማስገደድም አይቻልም።

ነገር ግን ሌላ ጥያቄ እንጠይቅ። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ሙያውን ለምን አትማርም? ገቢው ትንሽ ስለሆነ ብቻ ነውን? ትንሽ ገቢ ያለው ሥራ ብዙ ነው፤ ወጣቱም ይሠራዋል። ይህኛውን ግን ይሸሸዋል፤ ጭቃ የነካ እጅ ይዞ ትምህርት ቤት ቢገባ ምን እንደሚባል ያውቃልና። ከተማ ሲገባ የአባቱን ሙያ ይደብቃል፣ አንዳንዴም የመንደሩን ስም ይለውጣል። እናቱ በ50 ዓመት ያካበተችውን ዕውቀት ይዛ ወደ መቃብር ትወርዳለች። ገበያውን የወሰደው ፕላስቲክ ነው፤ ተተኪውን የወሰደው ግን ምላሳችን ነው። የፕላስቲኩን ፋብሪካ መዝጋት አንችልም፤ ምላሳችንን መዝጋት ግን እንችላለን።

እያንዳንዱ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ወደ ፊት በሚመጡት የዐረፋ በዓላት ቤተሰቦች ሊጀምሩት የሚችሉትን ጥቂት ነገር እናስታውስ።

አንደኛ፣ ስድቡን ከቤት ማስወጣት ነው። አባትና እናት ያንን ቃል በልጆቻቸው ፊት አያንሱት፤ ልጅ ካነሣው እንደ ማንኛውም ነውር ይቆጣ። ከቤት የሰማውን ነውና በየሜዳው የሚናገረው፣ መድኃኒቱም ከቤት ይጀምራል።

ሁለተኛ፣ ስም መጠየቅ ነው። ጂባ ወይም ጣባ ስንገዛ የሠሪዋን ስምና መንደር እንጠይቅ። በበዓሉ ቀን እንግዳ ሲቀመጥ «ይህን የሰፉልን እትዬ እገሊት ናቸው» እንበል። ወጪ የለውም፤ ነገር ግን ልጆች ሰምተው ያድጋሉ።

ሦስተኛ፣ ዋጋን በአግባቡ መክፈል ነው። ሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲሰጠው በሐዲሥ ታዘናል። ለበሬው ያለ ቅሬታ ብዙ ሺህ ብር ቆጥረን፣ ለጣባው በጥቂት ብር ግማሽ ቀን መከራከር አይመጥነንም። ከበዓሉ ሁለትና ሦስት ወር አስቀድሞ ማዘዝና ቀብድ መስጠት ደግሞ ለሠሪዋ ትልቅ እርዳታ ነው። ፀሐይ ባለበት ጊዜ ታደርቃለች፣ ጥራት ያለውም ታስረክባለች። በውጭ አገር ያላችሁ ልጆችም ለቤተሰብ ገንዘብ ስትልኩ «ከዚህ ላይ ለጂባ» ብላችሁ ብትለዩ መልካም ነው።

አራተኛ፣ ቆዳውን አለማባከን ነው። የቆዳ ዋጋ ከወረደ ወዲህ በበዓል ሰሞን የበግና የፍየል ቆዳ በየጉድጓዱ ሲጣል እናያለን። የእርድ ቆዳ በሶደቃ መስጠት የተወደደ ነገር ነው። ለሚያለፋ ባለሙያ አስረክበን፣ የልፋቱን ከኪሳችን ከፍለን አጎዛ ብናሠራና ለመስጊድ ወይም ለአረጋውያን ብንሰጥ፣ ቆዳውም አይባክን፣ ሙያውም አይሞት።

አምስተኛው ለወጣቶች ነው። የዐረፋ ሰሞን ሁላችሁም በአንድ ቦታ ትገናኛላችሁ፣ በየኪሳችሁም ስልክ አለ። ክትፎውን ብቻ ፎቶግራፍ አታንሱ። አንድ ከሰዓት በኋላ አስፈቅዳችሁ ሸክላ ሠሪዋ ዘንድ ሂዱ። ጭቃው እንዴት እንደሚለወስ፣ ጂባው እንዴት እንደሚሰፋ ከአፏ ቅዱ። ስሟን ከፎቶግራፉ ሥር ጻፉ። ከርሷ ልጆች አንዱ ያንን ሲያይ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ በእናቱ እጅ ይኮራ ይሆናል።

ስድስተኛውና ከባዱ፣ ቦታ ማካፈል ነው። ዕቃዋን በቤታችን አንጥፈን እርሷን ከደጅ መመለስ አይገባም። ለዐረፋ ስንጠራራ እርሷንም ቤተሰቧንም እንጥራ። በዕድሩም፣ በለቅሶውም፣ በሠርጉም አጠገባችን ትቀመጥ። መስጊድ ውስጥ ሶፍ ስንሰልፍ ትከሻ ለትከሻ እንገጥማለን፤ ማን የማን ልጅ ነው ብለን አንጠይቅም። ከመስጊዱ በር ስንወጣ ጫማችንን ስናነሣ ያንን ንቀት አብረን የምናነሣ ከሆነ ሶላታችን ከኛ ጋር ወደ ቤት አልገባም ማለት ነው።

ሙያን የሚያድን ጉባኤና ዐውደ ርዕይ ቢደረግ ጥሩ ነው። መንግሥትም የሚሠራው ሥራ አለው። ነገር ግን አንዲት የመስቃን ሴት ልጅ ጂባ መስፋትን ከእናቷ ትማር ዘንድ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት፣ «የማን ልጅ ነሽ?» ስትባል አንገቷን ሳትደፋ መመለስ መቻሏ ነው። ይህን ልንሰጣት የምንችለው ጎረቤቶቿ ነን።

አላህ ልባችንን ከንቀት ያጽዳልን፣ የለፉትን እጆች ይባርክ።